ከባሕሩ 20 ስታዲያ

(በማኅበራችን የ2011 ዓ.ም. የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ አዱሊስና ስለ ምጽዋ ጉዞህ ሃያ ደቂቃ ያህል አጫውተን፤ ፎቶ ካለህም አሳየን» ብሎኝ ነው የቆምኩት። ፎቶስ አለኝ። ችግሩ፣ ከመቶው ሰማንያው ጥቁር ድንጋይና እሾህ ነው። ባለቤቴ አንድ በአንድ ካየች በኋላ «ለዚህ ነው እንግዲህ በአውሮፕላን የተሄደው?» ብላኛለች። ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ዝም ብዬ ልናገር።

የታሪክ ትምህርት ክፍል ልጆች አትረሱትም። በ1977 ዓ.ም. ሦስተኛ ዓመት ሳለን አዱሊስን ልናይ ነበር። ስድስት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስማችን ተለጥፎ፣ ማን ከማን ጋር መኝታ እንደሚጋራ ሳይቀር ተወስኖ ነበር። ኋላ ከምጽዋ ወዲያ ያለው መንገድ አያስተማምንም ተባለና ቀረ። ዝርዝሩን ግን ማንም አልነቀለውም፤ ጽሑፉን ፀሐይ እስኪያነጣው ድረስ እዚያው ሰነበተ። እኔ ከተመረቅሁ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ ሳስተምር አዱሊስን ያላስተማርኩበት ዓመት የለም። አይቼው ግን አላውቅም። ልጆቹ «ቲቸር፣ ምን ይመስላል?» ሲሉኝ ሰሌዳው ላይ መርከብ እስልላቸው ነበር። ጥሩ መርከብ እስላለሁ።

ከዚያ ዝርዝር ላይ ከእኔ ስም ቀጥሎ የነበረውን ልጅ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሁላችንም «ካፒቴን» እንለው ነበር፤ ምጽዋ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ በመጣ በመጀመሪያው ክረምት ብርዱ ሊገድለው የደረሰ፣ ካፌ ውስጥ ዓሣ ሲቀርብ «ይኼ ዓሣ አይደለም» ብሎ የሚነሣው። ዛሬም ካፒቴን ብዬው ልቀጥል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በአዱሊስ ላይ ነበር። እኔ በአሞሌ ንግድ ላይ ጻፍኩ፤ የእኔን አሁን ማንም ባያነበው ይሻላል።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በረራ ሲጀመር ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። የእኔ ልቅሶ ግን ንጹሕ አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ለማንኛውም ጡረታ ወጥቼ ስለነበር፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ትኬት ቆረጥኩ።

አሥመራ እንደደረስኩ አዱሊስንና ምጽዋን በአንድ ቀን አሳይቶ ማታ የሚመልስ ጉዞ መኖሩን ሰማሁ። ወደ ጥንታዊ ቦታዎች ለመሄድ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚያወጣው አስጎብኚው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በአንዲት ሚኒባስ ተነሣን። ዘጠኝ ነን፤ ባልና ሚስት ጣሊያኖች፣ ከስዊድን የመጡ ኤርትራውያን ቤተሰብ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ አንድ ካሜራ የተሸከመ ጎልማሳ፣ አንዲት ነርስ ከአዲስ አበባ፣ እና እኔ። አስጎብኚያችን ስልሳውን የተሻገሩ፣ ኮፍያ የማያወልቁ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። ስጠይቃቸው «እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ነው የተማርነው፤ ፊደሉን በዱላ ነው ያስገቡልን» አሉና ሳቁ። አስተማሪ መሆኔን ሲያውቁ ከዚያ በኋላ «መምህር» ብቻ ነው የሚሉኝ።

አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ምጽዋ ዜሮ ናት። መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማለት ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታችሁ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ባሕር ዳርቻ ትወርዳላችሁ እንደ ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ነፋሲት ላይ ደብረ ቢዘን ገዳም ከላይ ተሰቅሎ ይታያል። ጊንዳዕ ስንደርስ ጃኬት ወለቀ። እዚያ ሲደረስ ደግሞ አገሩ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ የምሥራቁ ቁልቁለት ዝናብ የሚያገኘው እኛ በጋ በምንለው ጊዜ ነው። ይህን ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በጥር ወር ጭቃ ስረግጥ ግን ግራ ገባኝ።

ዶጋሊ ላይ ትንሽ ቆምን። በጥር 1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር ከ400 በላይ የጣሊያን ወታደሮችን የጨረሰበት ቦታ ነው። አስጎብኚው በጣሊያንኛም በአማርኛም አንድ ዓይነት ነገር፣ አንድ ዓይነት ርዝመት ተናገሩ። ጣሊያናዊቷ ሴትዮ ከመንገድ ዳር አበባ ቆርጣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ማንም ምንም አላለም፤ ተሳፈርን።

ምጽዋ ሳንገባ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ አስፋልት የለም። ባሕሩ በግራ በኩል አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ በቀኝ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ፎሮን አልፈን ዙላ ስንደርስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር።

እንግዲህ አዱሊስ።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። እውነቴን ነው። በሐዳስ ወንዝ ዳር፣ ወንዙም ውኃ የሌለበት አሸዋ ነው፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ፍየል። ነርሷ ቀስ ብላ «ደረስን እንዴ?» አለችኝ። ጥቂት ስትራመዱ ግን የምትረግጡት አፈር አፈር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የሸክላ ስብርባሪ ነው። የወይን ጠጅና የዘይት ማሰሮ አንገት፣ ጆሮ፣ ቂጥ፤ መሬቱ በሙሉ። ከዚያ ግድግዳዎቹን ማየት ትጀምራላችሁ፤ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በጠፍጣፋው ተደርድሮ፣ ከፍ ባለ ቁጥር እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ እየገባ። አክሱምን ያየ፣ መጠራን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ያው እጅ ነው። እኔ እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፤ የካሜራው ሰውዬ ፎቶ አነሣኝ፤ ከሃያዎቹ ደህና ፎቶዎች አንዱ ያ ነው።

ስለ አዱሊስ የምናውቀውን ብዙውን ነገር የምናውቀው ከሁለት መንገደኞች ነው። አንደኛው ስሙን ያልነገረን፣ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኤርትራ ባሕርን የንግድ መንገድ በግሪክኛ የጻፈ ነጋዴ ነው። ከአዱሊስ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የባሕር ኤሊ ልባስ እንደሚወጣ፤ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ብረት፣ ጥቂት ወይን ጠጅና ዘይት እንደሚገባ ዘርዝሯል። ከዚያ እስከ ቆሎኤ ሦስት ቀን፣ ከቆሎኤ እስከ አክሱም አምስት ቀን መንገድ መሆኑን ጽፏል። የአገሩን ንጉሥ ዞስካለስን ደግሞ ገንዘብ ላይ ጠበቅ ያለ፣ ግሪክኛ ማንበብ የሚችል ሰው ነው ብሎ ያማዋል፤ ንጉሥን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማማትና ማመስገን እንዲህ ነው።

ሁለተኛው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ኮስማስ ነው። እሱ በመጣ ጊዜ አፄ ካሌብ የመን ለመዝመት እየተዘጋጁ ነበር። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በአክሱም መንገድ በኩል፣ ነጭ የእብነ በረድ ዙፋን፣ ከኋላውም የጥቁር ድንጋይ ጽላት ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም ላይ በግሪክኛ ተጽፎባቸዋል። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ ይላክልኝ ብለው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ፤ ገዥው ኮስማስንና አንድ ጓደኛውን ጠርቶ አስገለበጠ። ኮስማስ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀረ። ጽላቱ የግብፁ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነው፤ ከዚህ አገር የጦር ዝሆን እንዳሳደነ ይናገራል። ዙፋኑ ላይ ያለው ደግሞ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የድል ዝርዝር ነው። ኮስማስ ሁለቱን አንድ ጽሑፍ መስለውት አያይዞ ጻፋቸው፤ የሁለተኛው መጀመሪያ ስለጠፋ የንጉሡን ስም እስከ ዛሬ አናውቅም። ዙፋኑም ጽላቱም አልተገኙም። ያለን ኮስማስ ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ብቻ ነው።

አስጎብኚው ይህን ሲናገሩ ከስዊድን የመጣችው ልጅ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት የማሰሮ ጆሮ አንሥታ ኪሷ ውስጥ ከተተች። አዩአት። አልጮኹም። እጃቸውን ዘረጉና «እዚህ የተቆፈረው ጥቂት ነው፤ ሌላው ከሥራችን ነው ያለው። ሁሉም አንድ አንድ ቢወስድ የልጅሽ ልጅ ስትመጣ ምን እናሳያታለን?» አሏት፤ በትግርኛ ነበር፣ ነርሷ ተረጎመችልኝ። ልጅቱ መለሰች። ጆሮዋ ቀላ። እኔም ቀስ ብዬ ኪሴን ባዶ አደረግሁ።

በእውነትም የተቆፈረው ጥቂት ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ የወረደው እዚሁ ዙላ ላይ ነበር፤ ባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ ትልልቁን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ በመርከብ አመጡ። አስቡት፤ በጥሊሞስ ዝሆን ፍለጋ በመጣበት ምድር ዝሆን በመርከብ ማራገፍ! ወታደሮቹ በትርፍ ጊዜያቸው ቆፍረው የቤተ ክርስቲያን እብነ በረድ አገኙ፤ ስብርባሪው ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ከዚያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ስዊድናዊው ሱንድስትሮም፣ በ1907 ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ፣ በ1961 እና 62 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ቆፈሩ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ኤርትራውያንና ጣሊያኖች አብረው ይሠራሉ። የፓሪቤኒ ጉድጓዶች አሁንም ይታያሉ፤ ፍየሎቹ ለጥላ ይገቡባቸዋል።

አሁን ወደ ካፒቴን ጽሑፍ ልምጣ። ያ ስም የለሹ ነጋዴ አዱሊስ ከባሕሩ 20 ስታዲያ ትርቃለች ብሏል፤ ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካፒቴን የተሟገተው ለዚህች ቁጥር ነበር። ብዙ ሰው ወደብ ሲባል ውኃው ዳር የተሠራ ከተማ ስለሚመስለው፣ ፍርስራሹ ከባሕር መራቁን ሲያይ ባሕሩ ሸሽቷል ይላል። ካፒቴን «ባሕሩ የትም አልሄደም፤ ከተማዋ ድሮውንም እዚህ ነበረች፤ መርከቡ የሚቆመው ሌላ ቦታ ነው» አለ። ማስረጃ ብሎም ልጅ ሳለ አባቱ ለዘመድ ጥየቃ ዙላ ይዘውት ሲመጡ ከፍርስራሹ እስከ ባሕሩ በእግሩ መሄዱን፣ ከአንድ ሰዓት እንደማይፈጅ ጻፈ። አማካሪያችን ከዚያች መስመር ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ማስረጃ?» ብለው ጻፉበት። ካፒቴን ወር ሙሉ ሲናደድ ከረመ። «እግሬ ማስረጃ አይደለም እንዴ?» ይል ነበር፤ የምታስታውሱት አላችሁ፤ ይኸው እየሳቃችሁ ነው።

ስለዚህ ሾፌሩን ለመንኩት። ወደ ባሕሩ የሚወስድ የመኪና ዱካ አለ። ሾፌሩ ከፍርስራሹ ዳር ሲነሣ ቆጣሪውን ዜሮ አደረገልኝ። ጠፍ ሜዳ ነው፤ ጨው የነጣ መሬት፣ ሩቅ ላይ ሁለት ግመሎች። ባሕሩ ጋ ስንደርስ 4 ኪሎ ሜትር ትንሽ አልፏል፤ ዱካው ይጠማዘዛልና ከነጋዴው ቁጥር ጋር እጅና ጓንት ነው። አስጎብኚው በባሕሩ አቅጣጫ ዝቅ ያሉትን የገላላ ኮረብቶች አሳዩኝ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጡ አጥኚዎች የአዱሊስ የመርከብ ማረፊያ ገበዛ እዚያ አካባቢ እንደነበረ ገምተዋል። ካፒቴን ይህን የጻፈው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ስድስት ኪሎ ቁጭ ብሎ ነው። የቆጣሪውን ፎቶ አነሣሁ። ባለቤቴ ከሁሉም በላይ የሳቀችው በዚህ ፎቶ ነው።

ከዙላ ወደ ምጽዋ ስንመለስ ከአስጎብኚው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ «መምህር፣ ይቺ ባሕር ምን አደረገችዎት፣ ዝም አሉ» አሉኝ። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ካፒቴን ያኔ አዲስ አበባ ያስተምር ነበር፤ ሰፈራችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በዚያ ክረምት ትውልዳቸው ኤርትራ የሆነ ሰዎች እየተያዙ በአውቶቡስ ወደ ጠረፍ ሲወሰዱ የእሱም ተራ እንደማይቀር ያውቅ ነበር። አንድ ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ካፒቴን ነው፤ ዝናብ አበስብሶታል፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፏል። «መጻሕፍቴና ጽሑፌ ናቸው፤ እንዳይበላሹብኝ» አለኝ። ተቀበልኩት። ግባ አላልኩትም። በሩን እንደያዝኩ ቆሜ የማየው እሱን አልነበረም፤ የጎረቤቴን መስኮት ነበር። «በል እሺ፣ ደህና እደር» አለኝና ሄደ። ከአራት ቀን በኋላ ወሰዱት። አውቶቡሶቹ ከየት እንደሚነሡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ሰው ነግሮኝ ነበር። አልሄድኩም። የዚያን ቀን ጠዋት ክፍል ገብቼ አስተማርኩ።

ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ካርቶኑን ከፈትኩት። አምስት ዓመት ቆይቼ ነው የከፈትኩት፤ ግን ከፈትኩት። ጽሑፉን አነበብኩ፤ ከእሱ ላይ አስተማርኩ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የመምህራን መጽሔት ላይ «አዱሊስ» የሚል ጽሑፍ በስሜ አወጣሁ። ስምንት ገጽ ነው፤ አምስቱ የእሱ ነው። ስሙን አላነሣሁም። በዚያ ጊዜ የእሱን ስም መጥቀስ አይመችም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ምን ያህሉ ፍርሃት፣ ምን ያህሉ ስስት እንደሆነ አሁንም ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። አንዳንዶቻችሁ ስለዚያ ጽሑፍ እንኳን ደስ ያለህ ብላችሁኛል።

አስጎብኚው ሰምተው ሲጨርሱ ምንም አስተያየት አልሰጡም። «የአባቱ ሥራ ምን ነበር?» ብቻ ነው ያሉኝ። የጀልባ ገመድና መረብ ይሸጡ እንደነበር፣ ቤታቸው ከሼኽ ሐናፊ መስጊድ ብዙ እንደማይርቅ ካፒቴን ሲያወራ ሰምቻለሁ። «ይበቃል» አሉ።

ምጽዋ የገባነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከተማዋ በሁለት ደሴቶችና በዋናው ምድር ላይ የተሠራች ናት፤ ደሴቶቹ በድልድይ መሰል ግድብ ተያይዘዋል። መጀመሪያ ጥዋለት ደሴት ላይ ትገባላችሁ። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው፤ ጉልላቱ ተበስቷል፣ ደረጃው ተሰነጣጥቋል። ትንሽ አለፍ ብሎ ሦስት ታንኮች የቆሙበት ሐውልት አለ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተማዋ ለተያዘችበት ውጊያ የተሠራ ነው። አስጎብኚው እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ፤ «በሁለቱም በኩል ልጆች ነበሩ፣ መምህር» አሉኝ። እኔ በዚያ ውጊያ የቀሩ ሁለት ተማሪዎቼን አስታወስኩ። ሌሎቹ ታንኩ ፊት ፎቶ ሲነሡ እኛ ሁለታችን መኪናው ውስጥ ቆየን።

አሮጌው ከተማ ባጽዕ ደሴት ላይ ነው። ቱርኮች በ1557 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙት፤ ኋላ ግብፆች፣ በ1885 ጣሊያኖች ገቡ። ዋና ከተማነቱ ወደ አሥመራ የተዛወረው በ1897 ነው። ቤቶቹ የባሕር ዛጎል ድንጋይ ናቸው፤ ሰገነታቸው የተፈለፈለ እንጨት ነው፣ ሴቶች ሳይታዩ የሚያዩበት። የድሮው የባንክ ሕንፃ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ቆሟል። አስቀድመን ያየነው ፍርስራሽ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ነው፤ ይኼኛው ፈርሶ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ጥላው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እንደ አዱሊስ ግን ዝም ያለ ከተማ እንዳይመስላችሁ፤ ድመቱ፣ ሬዲዮው፣ የዓሣው ጢስ!

ምሳችን ዓሣ ነበር። እንደ የመኖች ለሁለት ይሰነጥቁትና በርበሬ ቀብተው ከሸክላ ምድጃ ውስጥ ያገቡታል፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ሌሎቹ ሲቀመጡ አስጎብኚው ክንዴን ይዘው ወደ አንድ ሻይ ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቱን በትግረ ጠየቁት፤ እሱ ሌላ ሽማግሌ ጠራ፤ ሽማግሌው አንድ ሕፃን ላከ። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

በሩን የከፈተችው ታላቅ እኅቱ ናት፤ ሰባውን ያለፈች፣ ነጭ መጎናጸፊያ የለበሰች። የባሕር ኃይል ሠራተኞች ቤተሰቦች ደንበኞቿ ስለነበሩ አማርኛ ታውቃለች። ማን እንደሆንኩ አስጎብኚው ሊነግሯት ሲጀምሩ እጇን አነሣችና ትክ ብላ አየችኝ።

«አንተ ነህ ባለ ካርቶኑ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። «ግባ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምሃል» አለች። እናንተ እኔ በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ፤ አልዘረዝረውም። ገባሁ። ዝንጅብል ያለበት ቡና አፈላች። ካፒቴን መጀመሪያ አሥመራ እንዳስተማረ፣ አሁን ስዊድን ከልጁ ጋር እንደሚኖር፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ነገረችኝ። ይዤው የሄድኩትን ዋናውን ጽሑፍ ሰጠኋት። ማንበብ ባትችልም ገጾቹን እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ቀዩዋ እስክሪብቶ ላይ ስትደርስ ጣቷን አድርጋ «ይኼ ደም ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ አስተማሪው ነው አልኳት። ስትስቅ ካፒቴንን ቁርጥ ናት።

አውቶቡሳችን በ11 ሰዓት ተነሣ። ጀንበሯ በተራራው በኩል ስትጠልቅ ሁሉም ተኝቶ ነበር። አሥመራ ስንገባ አስጎብኚው እጄን ጨብጠው «የቆጣሪውን ፎቶ ይላኩለት» አሉኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ስዊድን ደወልኩ። ድምፁ ወፍሯል። እኅቱ ነግራዋለች። መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤው ነበር። ስለ በሩ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ መጽሔቱ አነበብኩለት። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ መጽሔቱ «እሱን አላውቅም ነበር» አለ፤ ቀጠለና «እሱ ከበሩ ይልቅ ያናድዳል» አለኝ። ትክክል ነው። ስለ በሩ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ካርቶኑን ተቀብለሃል እኮ። ከአንተ በፊት ሁለት በር አንኳኩቼ ነበር።»

የማን የማን በር እንደነበረ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ዙላ ጠየቀኝ። ፍየሎቹ፣ ወንዙ፣ የፓሪቤኒ ጉድጓድ። ከባሕሩ ምን ያህል ሆነ? አለኝ። ቆጣሪው 4 ኪሎ ሜትር ከትንሽ አለ፣ ፎቶም አንሥቻለሁ አልኩት።

«በመኪና ሄድክ?»

«በመኪና።»

«እኔ በእግር ነው ያልኩት» አለኝ።

የጽሑፉ ቅጂ እዚህ መድረኩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሽፋኑ ላይ ስሙ አለ። 42ኛው ገጽ ላይ ቀዩዋን ታገኟታላችሁ። ለመጽሔቱ አዘጋጆችም የእርማት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ አንድ ኮፒ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስልክ ቁጥሩን የምትፈልጉ ሻይ ሲወጣ እኔ ጋ ኑ፤ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ያነሣል።